ጋሪው ውጭ ይቅር እንበል፤ ሕፃኑስ?

ልጁ ሁለት ዓመቱ ነው። እናቱ ሎንደን በሚገኘው ሮያል አካዳሚ የአዝቴኮችን ቅርሶች ልታሳየው ይዛው ገብታለች። ልጁ ከአንድ ትልቅ የሸክላ ሐውልት ፊት ሲደርስ "ጭራቅ! ጭራቅ!" ብሎ ጮኸ። ሐውልቱ ፊቱ የሰው፣ ምንቃሩና ጥፍሩ የንስር ነው። እውነቱን ለመናገር ልጁ ብዙም አልተሳሳተም። ቤተሰቡ ግን ድምፅ አበዛችሁ ተብሎ ከአዳራሹ እንዲወጣ ተደረገ።

ይህ ከሆነ ከ20 ዓመት በላይ አልፏል። እናትየዋ ዲያ ቢርኬት ጋዜጠኛ ስለነበረች ነገሩን ውጣ ዝም አላለችም፤ ጋርዲያን ጋዜጣ ላይ ጻፈችው። "እኛም ደርሶብናል" የሚሉ ወላጆች መልእክት ጎረፈ። ከዚያ የተነሣው ዘመቻ ቆይቶ "ኪድስ ኢን ሚዩዚየምስ" የተባለ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሆነ። ድርጅቱ ለቤተሰብ የሚመቹ የብሪታንያ ሙዚየሞችን ይሸልማል፤ ከዳኞቹ መካከል ቤተሰቦች ራሳቸው አሉበት።

ጥያቄው ግን ዛሬም አላለቀም። ሕፃንና የሕፃን ጋሪ፣ ብዙዎቻችን ስትሮለር የምንለው፣ ኤግዚቢሽን ውስጥ ቦታ አላቸው ወይ?

አንዱ ወገን እንዲህ ይላል፦ "ትኬት ቆርጬ፣ ሰዓቴን ሰውቼ የመጣሁት በጸጥታ ለማየት ነው። ምን በወጣኝ የሰው ልጅ ለቅሶ እሰማለሁ?" ሌላው ደግሞ "ልጅ ስለወለድኩ ከተማው ሁሉ ይዘጋብኝ እንዴ?" ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው።

እኛ ነገሩን ስናየው ክርክሩ የሚበላሸው ሁለት ጉዳይ አንድ ላይ ስለሚታሰር ነው። ጋሪ ዕቃ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ በር ላይ ቢቀር በቂ ምክንያት አለው። ሕፃን ግን ሰው ነው፤ ብቻውንም አይመጣም። ሕፃኑ አይገባም ስትሉ ይዞት የመጣውን ሰውም አይግባ እያላችሁ ነው። እስቲ አንድ በአንድ እንየው። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ሙዚየሞች ጋሪ የሚከለክሉት ለምንድነው?

ብዙዎቹ ሙዚየሞች ጋሪ በጠቅላላው አይከለክሉም። ክልከላው የሚበዛው ለጥቂት ወራት ብቻ በሚቆዩ ልዩ ኤግዚቢሽኖች ላይ ነው። ምክንያቶቹም ባዶ ሰበብ አይደሉም።

አንደኛ፣ ቦታ። ልዩ ኤግዚቢሽን ላይ ሰው በሰዓት ተከፋፍሎ ይገባል፤ አዳራሹ በጊዜያዊ ግድግዳ ይከፋፈላል፤ መብራቱም ሥዕሉና ጨርቁ እንዳይጎዳ ይደበዝዛል። አንድ ጋሪ የሁለት ሰው ቦታ ይይዛል። አሥር ጋሪ አንድ ጠባብ መተላለፊያ ላይ ቢገናኝ፣ እሳት ቢነሣ መውጫው ራሱ ችግር ነው።

ሁለተኛ፣ ቁመት። ጋሪ የሚገፋ ሰው የፊት ጎማውን አያየውም። ወለል ላይ የተቀመጠ የጥበብ ሥራ ወይም ዝቅ ያለ መቆሚያ ካለ፣ መጀመሪያ የሚነካው ጎማው ነው።

ሦስተኛ፣ ውሰት። ልዩ ኤግዚቢሽን ላይ የሚታዩት አብዛኞቹ ዕቃዎች የሙዚየሙ አይደሉም፤ ከሌላ ሙዚየም ወይም ከግለሰብ የተዋሱ ናቸው። አዋሹም ሆነ የኢንሹራንስ ድርጅቱ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል። ሙዚየሙ ቢፈልግ እንኳ ሁሉንም ነገር በራሱ አይወስንም።

አራተኛ፣ ምግብ። ጋሪ ውስጥ ጡጦ አለ፣ ብስኩት አለ። ፍርፋሪ ነፍሳትን ይጠራል፤ ነፍሳት ደግሞ ሱፍ፣ ቆዳ፣ እንጨትና ወረቀት ይበላሉ። ለዚህ ነው አዳራሽ ውስጥ ለሁላችንም መብላት የሚከለከለው።

አንዳንድ ቦታ ደግሞ ቤቱ ራሱ አይፈቅድም። አምስተርዳም የሚገኘውን የአን ፍራንክን ቤት ውሰዱ። ከ1942 እስከ 1944 ሰዎች ተደብቀው የኖሩበት ክፍል ደረጃው ቀጥ ያለና ጠባብ ነው፤ ጋሪ አይወጣውም። ይህ ልጅ መጥላት አይደለም። ደረጃው ከተቀየረ ቤቱም የድሮው ቤት መሆኑ ይቀራል።

ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። በደህና የተሠራ ሙዚየም ዊልቸር የሚያልፍበት መንገድ አለው፤ ሊኖረውም ይገባል። ዊልቸር የሚያልፍበት መንገድ ትንሽ ጋሪም ያሳልፋል። ስለዚህ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የበሩ ስፋት ሳይሆን የሰዉ ብዛት ነው። የሰው ብዛት ደግሞ በሰዓት ሊከፋፈል ይችላል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የማይቻለው ማክሰኞ ጠዋት ላይ ይቻላል።

"ሕፃን ምን ይገባዋል?"

በ2014 ጄክ ቻፕማን የተባለው እንግሊዛዊ አርቲስት ልጆችን ወደ ሥዕል ማሳያ መውሰድ ጊዜ ማባከን ነው ብሎ ተናግሮ ብዙ ሰው አስቆጥቶ ነበር። የእሱ ነጥብ እንደ ሮትኮ ያሉ ሠዓሊዎችን ሥራ ልጅ ሊረዳው አይችልም የሚል ነው። ብዙ ሰውም ድምፁን ከፍ አድርጎ ባይናገረውም ውስጡ እንዲሁ ያስባል።

እስቲ ከሕፃኑ ዓይን እንነሣ። አዲስ የተወለደ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ድረስ ነው። ጡት ሲጠባ ከእናቱ ፊት ያለው ርቀት በግምት ያ ነው። ከዚያ የራቀው ይደበዝዝበታል። ዓይኑን የሚስበው የሰው ፊት፣ እንዲሁም እንደ ጥቁርና ነጭ ጎልቶ የሚለይ ነገር ነው። በጥቂት ወራት ውስጥ ቀለማትን እየለየ፣ ራቅ ያለውንም እያየ ይሄዳል።

የእንግሊዙ ሳሴክስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ዓመት ላልሞላቸው ሕፃናት የቫን ጎህን የመልክዓ ምድር ሥዕሎች አሳይተው የትኛውን አተኩረው እንደሚያዩ ለክተዋል። ሕፃናቱ ረዘም ላለ ጊዜ ያዩአቸው ሥዕሎችና አዋቂዎች "ደስ ይላል" ብለው የመረጧቸው በብዙው ተቀራራቢ ሆኑ። ይህ ማለት ሕፃኑ ቫን ጎህ ገብቶታል ማለት አይደለም። ዓይኑ ግን ሥራ ላይ ነው።

ደግሞስ መረዳት የመግቢያ ፈተና የሆነው መቼ ነው? ከእኛ ስንቶቻችን ነን ሮትኮ ፊት ቆመን "ይሄ ምንድነው?" ያልነው? እኛን በር ላይ የጠየቀን የለም። ትኬት ቆረጥን፣ ገባን፣ ፎቶ ተነሣን፣ ወጣን።

ዕቃ የሚሰብረውስ ማነው?

ይህ ነው ዋናው ፍርሃት። ልጆች አይጎዱም ብለን አንዋሽም። በ2014 ሎንደን ቴት ሞደርን ውስጥ አንዲት ልጅ እንደ መደርደሪያ ግድግዳ ላይ የተሰካ የዶናልድ ጀድ ሥራ ላይ ወጥታ ስትጫወት የተነሣ ፎቶ ዓለምን ዞሯል። በ2015 ታይፔ ውስጥ አንድ የ12 ዓመት ልጅ ተደናቅፎ ሲወድቅ በእጁ የቆየ የጣሊያን ሥዕል በስቷል። በ2025 ደግሞ ኔዘርላንድስ ሮተርዳም ውስጥ አንድ ልጅ የሮትኮን ሥዕል ጭሯል።

አዋቂዎቹስ? በ2006 በካምብሪጁ ፊትዝዊልያም ሙዚየም አንድ ጎብኚ የጫማው ማሰሪያ ጠልፎት ከደረጃ ወድቆ ሦስት የቆዩ የቻይና የአበባ ማስቀመጫዎችን ሰባብሯል። በ2010 ኒውዮርክ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም ውስጥ አንዲት ሴት ሚዛኗን ስታ የፒካሶ ሥዕል ላይ ወድቃ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀዳዋለች። በ2025 ጣሊያን ቬሮና ውስጥ ጥንዶች በክሪስታል በተሸፈነ ወንበር ላይ ፎቶ ሲነሡ ሰውየው ተቀመጠበትና ወንበሩ ተሰበረ፤ ሁለቱም ሹልክ ብለው ወጡ። በዚያው ዓመት ፍሎረንስ ኡፊትሲ ውስጥ አንድ ቱሪስት የሥዕሉን ልዑል አቋቋም አስመስሎ ፎቶ ሊነሣ ወደኋላ ሲራመድ ሥዕሉን ቀደደው።

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ የእኛው ጉዳይ ናቸው፤ ስልክ ይዘን ወደኋላ የምንራመደው የእኛው። አንዳንድ ሙዚየሞች የሰልፊ ዱላ የከለከሉት ያለ ነገር አይደለም። ግን ማንም ተነሥቶ "ወጣቶች ሙዚየም አይግቡ" አላለም። ዱላው ተከለከለ፣ ሰዉ ገባ። ለሕፃንም እንዲሁ ቢሆን ምን ይላል?

አንድ ሌላ ነገርም እናስተውል። ከላይ ዕቃ ጎዱ ብለን ከጠቀስናቸው ልጆች ውስጥ ጋሪ ላይ ነበረ የተባለ የለም።  ጋሪ ላይ በቀበቶ የታሰረ ወይም ደረት ላይ የታቀፈ ሕፃን እጁ የትም አይደርስም። የሁለትና የሦስት ዓመት ልጅ ይዛ የመጣች እናት ጋሪዋን በር ላይ ስትቀማ፣ አዳራሹ አንድ የሚሮጥ ልጅ አተረፈ ማለት ነው። ክልከላው የሚፈራውን ነገር ራሱ ሊያመጣው ይችላል።

ሐይፋ ላይ የሆነው

በኦገስት 2024 እስራኤል ሐይፋ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ በሚገኘው ሄክት ሙዚየም አንድ የአራት ዓመት ልጅ ቢያንስ 3,500 ዓመት ያስቆጠረ ትልቅ እንስራ ሰበረ። እንስራው መግቢያው አካባቢ ያለ መስታወት ቆሞ ነበር። ልጁ ውስጡ ምን እንዳለ ለማየት ጎተት ሲያደርገው ወደቀ። እንዲህ ያለ እንስራ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው ከስንት አንዴ ነው።

ሙዚየሙ ምን አደረገ? ፖሊስ አልጠራም፤ ካሣም አልጠየቀም። ቤተሰቡ ተመልሶ እንዲጎበኝ ጋበዘ። ልጁም ከቀናት በኋላ የራሱን የሸክላ ዕቃ በስጦታ ይዞ ተመለሰ። ባለሙያዎች እንስራውን መጠገን ጀመሩ። የሙዚየሙ መሥራች ቅርሶች ያለ መስታወት ለሕዝብ ቅርብ ሆነው እንዲታዩ ይፈልግ ስለነበር፣ ሙዚየሙ ይህን ልማዱን እንደማይተው ተናገረ።

ሁሉም ሙዚየም እንዲህ ያድርግ አንልም። ግን አንድ ቁም ነገር አለው፦ ቅርስ የሚጠበቀው ለማን ነው? ያ ልጅ አድጎ ስለ ጥንት ዘመን ሲሰማ የሚያስታውሰው መባረርን ወይስ መጋበዝን ነው?

"በአንቀልባ ይዘሽ ግቢ"

ጋሪ የሚከለክሉ ሙዚየሞች አማራጭ ብለው የሚያቀርቡት ሕፃን መታቀፊያ ነው። አንዳንዶቹ መታቀፊያውን ራሳቸው ያውሳሉ። ጥሩ ነው። ግን ብዙ ቦታ አንድ ቅድመ ሁኔታ አለ፦ ሕፃኑ በደረት በኩል እንጂ በጀርባ አይታዘልም። ምክንያቱ የጀርባ ቦርሳን ወደ ፊት አዙሩት ከሚሉበት ጋር አንድ ነው። ሰው ዞር ሲል ከኋላው ያለውን አያይም።

እንግዲህ የእኛን እናቶች አስቡ። ልጅ የሚታዘለው በጀርባ ነው፤ አንቀልባም የተሠራው ለጀርባ ነው። አውሮፓ ወይም አሜሪካ የምትኖሩ ልጅ አዝላችሁ ሙዚየም የምትሄዱ ካላችሁ፣ ከቤት ሳትወጡ የሙዚየሙን ድረ ገጽ ብታዩ ይሻላል። በር ላይ ደርሶ መመለስ ያናድዳል፤ በተለይ ሕፃኑ ገና እንቅልፍ ከወሰደው።

ውጭ የሚቀረው ማነው?

እዚህ ላይ ነው ነገሩ ከጸጥታና ከዕቃ የሚያልፈው። በአብዛኛው ቤት ሕፃን ይዞ የሚውለው እናት ናት። ልጁን የምትተውለት ሰው ያላት፣ ሞግዚት የምትከፍል፣ እናቷ አጠገቧ ያለች፣ ክልከላው አይነካትም። የሚነካው ብቻዋን የምታሳድገውን፣ ዘመድ በሌለበት አገር የወለደችውን ነው። ደንቡ የሚያወራው ስለ ሕፃን ነው፤ በር ላይ የሚያቆመው ግን እሷን ነው።

ሌላም አለ። ሕፃኑ ካልገባ ታላቅየውም አይገባም። ሙዚየም ለማየት በጣም የጓጓ የሰባት ዓመት ልጅ ታናሹ ስለተወለደ ብቻ ሁለት ሦስት ዓመት ቤት ይቀመጣል። ያ ዕድሜ ደግሞ ተመልሶ አይመጣም።

ኢትዮጵያ በ1991 የተቀበለችው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ስምምነት አንቀጽ 31 ልጅ በባህልና በጥበብ ሕይወት የመሳተፍ መብት እንዳለው ይናገራል። ከዚህ ዕድሜ ጀምሮ ብሎ ወለል አላስቀመጠም።

የእኛዋ የሦስት ዓመት ልጅ

ወደ አገራችን እንመለስ። ከሙዚየሞቻችን ሀብቶች አንዷ ሕፃን ናት። ስሟ ሰላም ነው። በ2000 ዘረሰናይ ዓለምሰገድ የመራው ቡድን አፋር ዲኪቃ ላይ ያገኛት የ3.3 ሚሊዮን ዓመት ቅሪተ አካል ናት። ስትሞት ሦስት ዓመት ገደማ ነበራት። አጥንቷ ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ ስለነበር እሱን በጥንቃቄ ፈልፍሎ ማውጣት ዓመታት ፈጀ፤ ለዓለም ይፋ የሆነችው በ2006 ነው። ሰዎች "የሉሲ ልጅ" ይሏታል፤ በዕድሜ ግን ሉሲን ወደ 100 ሺህ ዓመት ትበልጣታለች። በ2025 ሁለቱም ለኤግዚቢሽን ፕራግ ድረስ ተጉዘዋል።

ስለዚህ የሦስት ዓመት ልጅ ሙዚየም ውስጥ ምን ትሠራለች ለሚል ሰው፣ እኛ አገር መልሱ መስታወት ውስጥ ተቀምጧል። ሰላምን ለማየት የምትመጣ የሦስት ዓመት ልጅ ጥቂት ብትጮህ ይገርማል? የምታየው እኩያዋን ነው።

ስድስት ኪሎ ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየምም አስቡ። የቀድሞው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ነው። የባህል ክፍሉ የተደራጀው በሰው ልጅ ዕድሜ ቅደም ተከተል ነው፤ ከልጅነት ይጀምራል፣ ወደ ጉልምስና ያልፋል፣ በሞት ይዘጋል። ታሪኩ የሚጀምረው በሕፃን ነው። ወደ ክፍሉ ለመድረስ ግን ደረጃ አለ። ሕንጻው ቤተ መንግሥት ሆኖ ሲሠራ ጋሪና ዊልቸር ያሰበ አልነበረም። አዲስ የሚሠሩት ግን ይህ ሰበብ የላቸውም።

እና ምን ይሁን?

ለሙዚየሞች፦ ጋሪ የማይገባ ከሆነ ትኬቱ ሳይቆረጥ ተናገሩ። ጋሪ የሚቀመጥበት ጥበቃ ያለው ቦታ አዘጋጁ። መታቀፊያ አውሱ። ዳይፐር መቀየሪያና ቁጭ ብሎ ማጥቢያ ይኑር። በሳምንት አንድ ጠዋት "ዛሬ ለቅሶ ይፈቀዳል" በሉ። የኒውዮርኩ ዊትኒ ሙዚየም ጋሪ ለሚገፉ ወላጆች የተለየ ጉብኝት ሲያዘጋጅ ቆይቷል። ሎንደን ላይ በ2023 ታድሶ የተከፈተው ያንግ ቪ ኤንድ ኤ ደግሞ ገና ለሚድሁ ሕፃናት ሳይቀር ቦታ አለው፤ በዓመቱም የብሪታንያ የዓመቱ ሙዚየም ተብሎ ተሸልሟል።

ለወላጆች፦ ሥራ የሚበዛበትን ቀን ትታችሁ ጠዋት ሂዱ። ሁሉንም አያለሁ አትበሉ፤ ለሕፃን ግማሽ ሰዓት ብዙ ነው። ሲያለቅስ ለጥቂት ደቂቃ ወጣ በሉ። በእግሩ የሚሄደውን እጁን ያዙት። ብስኩቱ ውጭ ይበላ።

ለቀረነው፦ ሕፃን ሲያለቅስ ዞር ብሎ ማፍጠጥ ልቅሶውን አያስቆመውም፤ እናቱን ብቻ ያሸማቅቃታል። ደረጃ ላይ ጋሪ ስታዩ አንድ ጫፍ ያዙ። ሰልፊ ስትነሡም ከኋላችሁ ምን እንዳለ እዩ።

ጸጥታ የፈለገ ሰው ጸጥታ የሚያገኝበት ሰዓት ይኑረው፤ እንስማማለን። ቅርስም ይጠበቅ። ጋሪው በር ላይ መቅረት ካለበት ይቅር። ሕፃኑና ያዘለችው እናት ግን ይግቡ።

እናንተስ? ሕፃን ይዛችሁ ሙዚየም ገብታችሁ ታውቃላችሁ? እንዴት ተቀበሏችሁ?